የባንኩ ገንዘብ ሲጠፋ ፎቶ ይለጠፋል፤ የገበሬው ሲጠፋስ?

(ከዚህ በታች የቀረበው፣ ደባርቅ ላይ ለተሰበሰቡ የበየዳ፣ የጃናሞራና የዳባት ሰዎች፣ በስልክና በኢንተርኔት ስለሚፈጸም የገንዘብ ማጭበርበር የተደረገ ንግግር ነው። የአነጋገሩን ለዛ ላለማጥፋት ስንል ብዙም ሳንነካካው እንዳለ አትመነዋል። - የዝግጅት ክፍሉ)



ከድል ይብዛ ድረስ ያንን ገደልና አቀበት አቋርጣችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁና ነገር ሳላንዛዛ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ዛሬ የምናወራው ስለ ሌባ ነው። የድሮውን ሌባ ሁላችንም እናውቀዋለን። በሌሊት ይመጣል፣ ውሻ ይጮህበታል፣ በረት ሰብሮ በጉን ይነዳል። በማግስቱ ዱካውን ተከትለን፣ አውጫጭኝ ተቀምጠን እናወጣዋለን። የዛሬው ሌባ ግን በጠራራ ፀሐይ ነው የሚመጣው። ውሻ አይጮህበትም። «ጤና ይስጥልኝ አባቴ» ብሎ በትሕትና ነው የሚገባው። ዱካ የለውም። አውጫጭኝ ቢቀመጡለትም ከመቶ ኪሎ ሜትር ማዶ፣ ምናልባትም ከባሕር ማዶ ሆኖ ይስቅብናል።

ለመሆኑ እኛ ስለ ገንዘብ ጥንቃቄ ከሌላ ልንማር ነው እንዴ? አያቶቻችን በአሞሌ ጨው ሲገበያዩ የተሰበረ አሞሌ ዋጋው እንደሚወርድ ያውቁ ነበር። ዳር ዳሩን ዳስሰው፣ አገላብጠው አይተው ነው የሚቀበሉት። ጠገራ ብር ሲመጣ ደግሞ የማርያ ትሬዛን ምስል አትኩረው እያዩ፣ ጌጧ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች አንድ ሁለት ብለው ይቆጥሩ ነበር። የጎደለ ወይም የተፋቀ ከሆነ «ይኼስ አይሄድም» ብለው ይመልሱታል። ሰጪው ባለ ካባ ይሁን ባለ በርኖስ ግድ የላቸውም፤ የሚያዩት የሰጪውን አፍ ሳይሆን የተሰጣቸውን ገንዘብ ነው። ባንክ የሚባል ነገር አዲስ አበባ ላይ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1898 ዓ.ም. ሲከፈት እንኳ ሕዝቡ ጠገራውን በእንስራ ቀብሮ ማስቀመጡን ቶሎ አልተወም። ፈሪ ስለነበር አይደለም፤ በዓይኑ ያላየውን ነገር ለማመን ጊዜ ስለሚወስድ ነው።

(በነገራችን ላይ፣ አሞሌ የዳሽን ባንክ የሞባይል ገንዘብ መጠሪያ ሆኖ ያውቃል። ባንኩ ራሱም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ከአናታችን ላይ ከቆመው ከራስ ዳሽን ነው። የተራራችን ስም አዲስ አበባ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ላይ ተጽፏል ማለት ነው። እኛ ደግሞ ስልክ ለመደወል ኮረብታ እንወጣለን!)

ዛሬ ታዲያ ገንዘቡ አይዳሰስም። ዕንቁ አይቆጠርበትም። ስለዚህ ሌባው ገንዘቡን ትቶ ወሬውን ማስመሰል ጀመረ። እስቲ አንድ የስልክ ጥሪ አብረን እንስማ። ስም የለውም፤ በየቀኑ በየቤቱ የሚደወል ነውና የማንም ሊሆን ይችላል።

«ሄሎ! ጤና ይስጥልኝ አባቴ፣ ከንግድ ባንክ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው የምደውለው።»

«አቤት ጌታዬ።»

«ሂሳብዎ ከፋይዳ መታወቂያዎ ጋር ስላልተገናኘ ዛሬ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሊዘጋ ነው።»

«ኧረ በመድኃኔ ዓለም! ታዲያ ምን ይሻላል ልጄ?»

«አይጨነቁ፣ እኔ እዚሁ አስተካክልልዎታለሁ። አሁን ስልክዎ ላይ ቁጥሮች ይገቡልዎታል። እነሱን ብቻ ያንብቡልኝ። ማንበብ ካልቻሉ አጠገብዎ ላለ ልጅ ይስጡልኝ።»

አያችሁት? መጀመሪያ አስደነገጠ። ቀጥሎ ሰዓት ቆረጠ። ከዚያ አዛኝ ሆኖ ቀረበ። ሽማግሌው «ጌታዬ» ብለው የጀመሩት ሰውዬ በሁለት ቃል «ልጄ» ሆነ። ይኼ ሰው እኮ ተናጋሪ ነው! ፓርላማ ቢገባ ያዋጣው ነበር።

ግን ቁጥሩ ምንድነው? ይህን በደንብ ስሙኝ፣ የነገሩ ሁሉ ብልት እዚህ ላይ ነው። ሌባው የእናንተን ስልክ ቁጥር ይዟል፤ የሂሳብ ቁጥራችሁንም ይዞ ይሆናል። አሁን በራሱ ስልክ ላይ የባንኩን መተግበሪያ ከፍቶ እናንተን መስሎ ለመግባት እየሞከረ ነው። ባንኩ ደግሞ «ይህ ሰው በእርግጥ ባለቤቱ ነው ወይ?» ብሎ ለማጣራት ወደ እናንተ ስልክ ማረጋገጫ ቁጥር ይልካል። ቁጥሩ የተላከው ሌባው እንዳይገባ ነው። ሌባው የቤታችሁ በር ላይ ቆሞ፣ ቁልፉን በመስኮት እንድትወረውሩለት እየለመናችሁ ነው ማለት ነው። ባንኩማ ራሱ የላከውን ቁጥር መልሶ ምን ያደርግለታል? ራሱ ያውቀዋል እኮ! ስለዚህ «የገባልህን ቁጥር ንገረኝ» የሚል ሰው፣ ድምፁ የቱንም ያህል ቢለሰልስ፣ የባንክ ሠራተኛ አይደለም። የምስጢር ቁጥሩንማ ተዉት፤ እሱን የባንኩ ፕሬዚዳንት ቢመጣም አይነገርም።

አንዳንዱ «የፋይዳው ነገር እኮ እውነት ነው» ይለኛል። አዎ፣ እውነት ነው። ባንኮች ከ2017 ወዲህ ፋይዳ መጠየቅ ጀምረዋል። ሌባ ሁልጊዜ ውሸቱን የሚተክለው በእውነት ላይ ነው። የማዳበሪያ ወቅት ሲሆን ስለ ማዳበሪያ ይደውላል፣ ልጃችሁ ዓረብ አገር ካለች ስለ ልጃችሁ ይደውላል፣ መንግሥት አንድ አዲስ ነገር ካወጀ ሌባው ከቀበሌው ቀድሞ ይደርሳል! ፋይዳውን ለማስመዝገብ ቅርንጫፉ ድረስ በእግር ይኬዳል፣ መስኮት ላይ ቆሞ ይጠየቃል፣ አለቀ።

ሁለተኛው ዘዴ ለገበያ ሰው የተዘጋጀ ነው። እንበል አንድ ሰው ሁለት ሙክት ይዞ ደባርቅ ገበያ ወጣ። ገዢው ሳይከራከር በተጠየቀው ዋጋ ተስማማ። (ሳይከራከር የሚገዛ ሰው ሲገጥማችሁ ያኔውኑ ጠርጥሩ!) «ጥሬ ገንዘብ አልያዝኩም፣ በሞባይል ልላክልህ» አለ። ስልኩን ነካካና «ይኸው፣ እይ፣ ደርሷል» ብሎ የባንክ ደረሰኝ የሚመስል ሥዕል አሳየ። ወይም የሻጩ ስልክ ጢው አለና «ሂሳብዎ ገቢ ሆኗል» የሚል መልእክት ገባ። ሻጩ ገመዱን አስረከበ። ማታ ቤቱ ገብቶ ሂሳቡን ሲያይ ያው የጥንቱ ነው።

ሥዕሉ በስልክ ተቆራርጦ የተሠራ ነው። መልእክቱንም የጻፈው ሌባው ራሱ ነው። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ የንግድ ባንኩ በባንኩ ስም ነው የሚመጣው። ከ09 ወይም ከ07 በሚጀምር ተራ ስልክ ቁጥር «ገንዘብ ገባልህ» የሚል ከመጣ የሰው ወሬ ነው። ቢሆንም ላኪውን ብቻ አይታችሁ አትርኩ፣ የላኪ ስም ራሱ ሊመሳሰል ይችላልና። የአያቶቻችንን ደንብ ያዙ፤ ዕንቁውን ቁጠሩ! ለቴሌብር ኮከብ 127 መሰላል፣ ለንግድ ባንክ ኮከብ 889 መሰላል ደውላችሁ ቀሪ ሂሳባችሁን በገዛ እጃችሁ እዩ። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ተራ ቁልፍ ስልክ ይበቃል። ገንዘቡ ከገባ ገመዱን ስጡ፤ ካልገባ ሙክቱ ከእናንተ ጋር ይቁም። ኔትወርክ የለም ካላችሁም ገዢው ጥሬ ገንዘብ ያውጣ። «አታምነኝም እንዴ?» ብሎ ሊያሳፍራችሁ ይሞክራል። በገበያ ላይ ይሉኝታ የለም።

ሦስተኛው «በስህተት ላክሁብህ» የሚለው ነው። «እባክህ ወንድሜ፣ 5,000 ብር በስህተት አንተ ጋ ገብቶብኛል፣ ለታመመች እናቴ መታከሚያ ነው፣ መልስልኝ።» አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልገባም፣ መልእክቱ የሐሰት ነው፤ «የምትመልሱት» የራሳችሁን ገንዘብ ነው። የከፋው ግን በእርግጥ የገባ እንደሆነ ነው። ከሌላ ምስኪን የተሰረቀ ገንዘብ በእናንተ ሂሳብ አልፎ ወደ ሦስተኛ ሰው እንዲሄድ እየተደረገ ሊሆን ይችላል። ያኔ ፖሊስ ዱካ ሲከተል የሚደርሰው የእናንተ በር ላይ ነው! ስለዚህ ባትነኩትም፣ ባትመልሱትም፣ «ባንክህ ሄደህ አመልክት፣ ባንክ ለባንክ ይጨርሱት» በሉት። እውነተኛ ሰው ከሆነ ይሄዳል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፍ። ኤቲኤም ላይ «ልርዳዎት እናቴ» ብሎ ካርዳችሁን የሚቀበል ጎረምሳ ሌላ ካርድ ሊመልስላችሁ ይችላል። «ይህንን ኮከብ ምንትስ መሰላል ደውል» የሚላችሁ ሰው፣ ጥሪያችሁን ወደራሱ ስልክ እያዞረ ሊሆን ይችላል። ስልካችሁ ያለ ምክንያት ድንገት ኔትወርክ አጥቶ ከዋለ (የኛ አገር ኔትወርክ ምክንያት አይፈልግም እንጂ!) በስማችሁ ሌላ ሲም ካርድ ወጥቶ እንደሆነ ጎረቤት ካላችሁ ሰው ስልክ 994 ደውላችሁ ጠይቁ። የዕጣ ነገርማ «መኪና ወጥቶልሃል፣ የማስተላለፊያ ክፍያ ላክ» የሚለው ሽሮ ከሆነ ስንት ዘመኑ ነው! ያልቆረጡት ዕጣ አይወጣም።

አሁን ወደ ሌላው ገጽ እንሂድ።

መጋቢት 6 ለ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተሙ ላይ ሲሠራ ተበላሸና ሰው ሂሳቡ ውስጥ የሌለውን ገንዘብ ማውጣትና ማዘዋወር ቻለ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ተዛመተ፤ ተማሪው በእኩለ ሌሊት ኤቲኤም ፊት ተሰለፈ። ባንኩ በኋላ እንደተናገረው 801 ሚሊዮን ብር ያህል ሄደበት። የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ የራሴ የሲስተም ማሻሻያ ያመጣው ነው ብሎም አመነ። ከዚያስ? ፕሬዚዳንቱ አቶ አቤ ሳኖ መግለጫ ሰጡ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን «መልሱ» አሉ። ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶ ተለጠፈ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ።

እኔ የወሰዱት ይዘው ይቅሩ አላልኩም። የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ መመለሱ ደግ ነው። የምጠይቀው ሌላ ነው። ባንኩ ሲፈልግ ገንዘብ ከየት ወደ የት እንደሄደ፣ ማን እንደወሰደው፣ ፎቶው የቱ እንደሆነ በሳምንት ውስጥ ማወቅ ከቻለ፣ የበየዳው ገበሬ 40,000 ብር ሲወሰድበት ለምን «እንግዲህ ምን እናድርግ፣ በራስህ ስልክ፣ በራስህ ምስጢር ቁጥር ነው የወጣው» ይባላል? ገንዘቡ እኮ አየር ላይ አልተነነም! ወደ አንድ ሂሳብ ነው የገባው። ያ ሂሳብ ስም አለው፣ መታወቂያ አለው፣ ፎቶ አለው። ሌባው ካርድ ይዞ ያወጣበት ኤቲኤም ካሜራ አለው። የባንኩ 801 ሚሊዮን ዱካ ካለው የገበሬው 40,000 ዱካ የሌለው በየትኛው ሒሳብ ነው?

«ራሱ ቁጥሩን ነግሮ» የሚለውም ሰበብ ነው። ማነው ያላስተማረው? ማንበብ የማትችል እናት ቁጠባ ደብተር ልታወጣ ስትሄድ ያላወቀችውን የሞባይል ባንክ ውል ማስፈረም የተለመደ ሆኗል። የደንበኛ ቁጥር ይብዛ ነው ነገሩ። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ኢትዮ ቴሌኮም ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አግኝቻለሁ ይላል። ጎሽ! ከነዚህ ውስጥ ምስጢር ቁጥሩን ለሱቅ ልጅ ነግሮ የሚያስከፍል ስንት ነው? እሱን የሚቆጥር አላየሁም።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ፣ ሕጉማ ሞልቷል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር ማታለልንም፣ የሰው ማንነት መስረቅንም በወንጀል ያስቀጣል። ይህ አዋጅ ሲወጣ ተናጋሪና ጸሐፊን መያዣ ነው ተብሎ የተተቸ ነው። ጸሐፊ ላይ ሲሆን የሚሮጥ አዋጅ ሌባ ላይ ሲደርስ ለምን እንደሚያነክስ የሚነግረኝ ባገኝ ደስ ይለኛል። ብሔራዊ ባንክም እ.ኤ.አ. በ2020 የፋይናንስ ደንበኞች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል። በመመሪያው መሠረት ባንክ አቤቱታ የሚቀበልበት ሥርዓት ሊኖረው፣ መልስም ሊሰጥ ይገባዋል፤ መልሱ ያላረካው ደንበኛ ጉዳዩን ወደ ብሔራዊ ባንክ መውሰድ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው እዚህ አለ? እጅ አውጡ እስቲ። ... አያችሁ!

የኔትወርኩን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት በአብዛኛው የአማራ ክልል ለአንድ ዓመት ገደማ ተዘግቶ ነበር። በአንድ በኩል «ዲጂታል ኢትዮጵያ» ይባላል፣ በሌላ በኩል ገመዱ ይቆረጣል። ሰው ሂሳቡን ማየት ባልቻለ ቁጥር የነገሩትን ለማመን ይገደዳል። መልእክት ዘግይቶ በሚገባበት አገር «ቆይ ይገባልሃል፣ ኔትወርክ ነው» የሚል ሌባ እንዴት አይታመን! ጨለማ ለማን እንደሚመች ታውቃላችሁ።

ስለ ልጆቻችንም አንድ ነገር ልናገር፤ ይኼኛው ሆዴን ያባባዋል። ከዚህ አካባቢ ሥራ ፍለጋ የሚወጣ ወጣት ብዙ ነው። በቴሌግራም «ታይላንድ የኮምፒዩተር ሥራ አለ፣ ደመወዙ በዶላር» የሚል ማስታወቂያ ይመጣል። የሄዱት ድንበር ተሻግረው ማያንማር ውስጥ በታጠረ ግቢ ተቆልፈው፣ እየተደበደቡ፣ ቀንና ሌሊት የሰው አገር ሰው በኢንተርኔት እንዲያጭበረብሩ ሲገደዱ ከረሙ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከነዚህ ግቢዎች ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ያህል ሰዎች ውስጥ ከ100 በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እንግዲህ ስልኩ ማዶ ያለው ሌባ አንዳንዴ ራሱ የተሰረቀ ልጅ ነው ማለት ነው። ሥራ ለማግኘት ቅድሚያ ገንዘብ በሞባይል ላክ የሚል ደላላ ሲመጣባችሁ ከገንዘቡ ይልቅ ልጁን አስቡት።

አሁን ስለ ቤታችሁ ሁኔታ እንነጋገር። «ማንበብ አልችልም፣ ታዲያ ስልኬን ለማን ልስጥ?» ያሉኝ እናት ነበሩ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔ የምለው ይኼ ነው፦ ትልቁን ገንዘብ፣ የበሬውን፣ የመሬት ኪራዩን፣ የልጅ ሰርጉን፣ ከስልክ ጋር ባልተገናኘ የደብተር ሂሳብ አኑሩት። በደብተርና በአሻራ ከመስኮት ካልሆነ አይወጣም። ስልክ ላይ ለጨውና ለዘይት የሚበቃውን ብቻ አስቀምጡ። መቀነት ውስጥ እንደሚቋጠረው ማለት ነው፤ ቢጠፋም ቤት አይፈርስም። ምስጢር ቁጥሩን በጣት ቦታ ልመዱት፤ ፊደል ሳያውቁ ጠገራ የቆጠሩ ሰዎች ልጆች ናችሁ። ለሌላ ሰው መስጠት ግድ ከሆነ ለአንድ ሰው፣ እሱም አብሯችሁ ለሚበላ ይሁን እንጂ ለሱቅ ወኪል አይሁን። የትውልድ ዘመንን ቁጥር አታድርጉት፣ 1234ንም ተዉት። አዲስ አበባና ዓረብ አገር ያላችሁ ልጆች ደግሞ ለወላጆቻችሁ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን በስልክ ደጋግማችሁ ንገሯቸው። ከእናንተም ጋር አንድ የቤተሰብ ምልክት ይኑራችሁ። የፈረሳችሁ ስም ይሁን፣ የድሮ ውሻችሁ ስም ይሁን። የቴሌግራም አካውንታችሁ ተጠልፎ «አባዬ ታምሜያለሁ ብር ላክልኝ» የሚል ሲመጣ አባት «የውሻችን ስም ማን ነበር?» ብሎ ይጠይቅ።

ነገሩ ደርሶ ከሆነስ? አታልቅሱ፣ ሩጡ። ንግድ ባንክ ከሆነ 951፣ ቴሌብር ከሆነ 127 ደውላችሁ ሂሳቡን አሳግዱ። መጀመሪያ የእናንተን፣ ቀጥሎ ገንዘቡ የገባበትን ሂሳብ እንዲይዙ ጠይቁ። ሌባው ገንዘቡን ቶሎ ቶሎ ያዘዋውረዋልና ነገ የሚባል ነገር የለም፤ ድል ይብዛ ያለ ሰው ደባርቅ እስኪደርስ ገንዘቡ ሦስት ሂሳብ ተሻግሯል። መልእክቶቹን አታጥፉ፤ የደወለበት ቁጥር፣ ሰዓቱ፣ የግብይቱ መለያ ቁጥር ሁሉ ማስረጃ ነው። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ አስመዝግቡ።

ከሁሉ በላይ ግን ኀፍረቱን ተዉት። «ያ ሁሉ ዕድሜ ይዞ በልጅ ተሸወደ» እንዳይባል ብሎ ዝም የሚል ሽማግሌ አለ። ባሏ እንዳይሰማ የደበቀች ሴት አለች። በነሱ ዝምታ ሌባው ያንኑ ቃል ይዞ ወደ ጎረቤታቸው ይደውላል። በግ ሲሰረቅብን በሰንበቴና በዕድር ላይ እንናገር የለም ወይ? ይኼም ይነገር።

ለባንኩ የምትሰጡት አቤቱታ በጽሑፍ ይሁን። መጻፍ የማይችል ያስጽፍ። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ግቡ፣ አንዱን አስገቡ፣ ሁለተኛው ላይ የተቀበለው ሠራተኛ ፈርሞ፣ ቀን ጽፎ፣ ማኅተም ያሳርፍበት። «ማኅተም አያስፈልግም፣ ሂዱ እንደውልላችኋለን» ቢሉ ከመስኮቱ አትነሱ። ቅጂውን ከቁጠባ ደብተራችሁ ጋር አስቀምጡት፤ ብሔራዊ ባንክ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።